መጀመሪያ የመድረኩን ሕግ አንብብ

የጎረቤቴ ልጅ አኒስ ጨዋ ነው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው የኋላውን ስትሰሙ እንዳትጠሉት ብዬ ነው። በጎንደር አዲስ ዓለም ሰፈር እሱን የሚያህል ሰላምተኛ የለም። እኔ ጆንያ ከምሸጥባት ክፍል ቀጥሎ የፍሪጅ መጠገኛ ሱቅ አለው። ጠዋት በሩን ሳይከፍት መጀመሪያ እኔ ዘንድ ይመጣል፤ እጁን ደረቱ ላይ ያደርግና፣ "አያ ዋኘው እንዴት አደሩ? ወገብዎ ተሻለዎት? ጃናሞራ ያሉት ዘመዶችዎ ደህና ናቸው? ዝናቡ ጣለላቸው?" ይለኛል። ዘመዶቼን አይቷቸው አያውቅም። የጃናሞራዋ ከተማ መካነ ብርሃን በየት በኩል እንደሆነም የሚያውቅ አይመስለኝም። ግን ይጠይቃል። አሮጊት ካየ አስፋልት ተሻግሮ ዘንቢል ይቀበላል። አህያ ነጂ ሲያልፍ "በርታ ወንድሜ" ይላል፤ አህያዋንም ሰላም ሳይላት የሚያልፍ አይመስለኝም።

ታዲያ ይህ ልጅ ስልኩን ሲያነሣ ሌላ ሰው ይሆናል።

ነገሩን ያወቅሁት በሁለት ሺህ ሰባት ዓመተ ምሕረት ነው። አንድ ቀን ሱቁ ውስጥ ብቻውን ሲስቅ ሰማሁት። ብቻውን የሚስቅ ጎረቤት ያሳስባልና ገባሁ።

"ምን አገኘህ?" አልሁት።

"አያ ዋኘው፣ ይምጡ ይዩ። አንዱን ድራሹን አጠፋሁት።"

ትምህርቴ ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም፤ ማንበብ ግን አነባለሁ። መነጽሬን አደረግሁ። ፌስቡክ ላይ ነው፤ "የማቀዝቀዣ ጥገና ባለሙያዎች መድረክ" ይላል። ከመላ ሀገሪቱ ፍሪጅ የሚጠግኑ ሰዎች የቸገራቸውን የሚጠያየቁበት ነው። አንዱ ምስኪን "ወንድሞቼ፣ ኮምፕሬሰሩ ይነሣና ወዲያው ይጠፋል፤ ምን ላድርግ?" ብሎ ጽፏል፤ ኮምፕሬሰር ከፍሪጅ ጀርባ የምትቀመጠው ጥቁር፣ ድብልብል ሞተር ናት። ከሥሩ የእኛው ሰላምተኛ፣ በገዛ ስሙ፣ ከሚስቅ ፎቶው ጋር እንዲህ ብሏል፦ "መጀመሪያ የመድረኩን ሕግ አንብብ። ሞዴሉን ሳትጽፍ እኛ ጠንቋይ ነን እንዴ?"

ጣቴን ወደ ላይ ሳብ አደረግሁ። ለሌላው፣ "ይህ ጥያቄ ካሁን በፊት ተጠይቋል። ፈልግ።" ለሌላው፣ "ወንድሜ፣ አንተ ፍሪጅ ስትከፍት ፍሪጁ ራሱ ይፈራል።" በየመልሱ ሥር የሰው መንጋ ይስቃል። አንዳንዶቹማ ከእሱ ተምረው "መጀመሪያ የመድረኩን ሕግ አንብብ" የምትለዋን እንደ ሰላምታ ይዘዋታል።

"ይህ ሰውዬ ምን አደረገህ?" አልሁት።

"ምንም።"

"ታውቀዋለህ?"

"ኧረ ከየት አውቄው!"

"ታዲያ ምነው?"

"አያ ዋኘው፣ አልገባዎትም። ይህ የባለሙያ መድረክ ነው። እዚህ እንዴት አደርህ፣ እንዴት ዋልህ የሚባል ነገር የለም። ሰላምታ ጊዜ ይበላል። ባለሙያ ቁጥብ ነው።"

"ቁጥብ መሆንስ ሸጋ ነው። ስድቡ ላይ ግን አልቆጠብህም። ለመሆኑ አንብቡ የምትላቸው ሕግ ምን ይላል?"

ፈልጎ ከፈተልኝ። አንደኛው ተራ ላይ፣ በደማቁ፣ "አባላት እርስ በርሳቸው ይከባበሩ" ይላል። አነበብሁለት። እሱም አብሮኝ አነበበ፤ እንደ ሌላ ሀገር ሕግ አየውና ወደ ታች አሳለፈው።

"የሰውዬው ኮምፕሬሰርስ?" አልሁት። "ምን ሆኖ ነው የሚጠፋው?"

"ብዙ ነገር ሊሆን ይችላል" አለና ስልኩን ኪሱ ውስጥ ከተተ።

እንዲህ እያለን አኒስ ሴት ወደደ። ፈትሂያ ትባላለች፤ ከፒያሳ ዝቅ ብሎ ካለው መድኃኒት ቤት ትሠራለች፤ ጎንደር የምትኖረው አክስቷ ሃጂራ ዘንድ ነው። አባቷ ሐቢብ ሳንጃ ነው ያለው። ሐቢብን ጎንደር የሚያውቀው በሰሊጥ ንግድ ነው። ከሁለት ዓመት ወዲህ ሰሊጡን ለልጆቹ ትቶ ሌላ ሥራ እንደጀመረ የሰማ አልነበረም። አኒስ የእኔን ዘመዶች ዝናብ ይጠይቃል እንጂ የአማቱን ሥራ አልጠየቀም።

እናቱ ዙህራ አንድ ጠዋት ጆንያዬ ላይ መጥታ ተቀመጠች።

"ዋኘው፣ ሽማግሌ ሆነህ ሳንጃ ትሄድልኛለህ። ሐጂ አብዱልመናን እሺ ብለውኛል። ሹፌሩ ቢሻው ማኪናውን ይዞ ይመጣል፤ እሱም ሦስተኛ ይሁን።"

"ቢሻው ሽምግልና ያውቃል?"

"ዝም ይበል። ዝም ማለት ያቅተዋል?"

ያቅተዋል፤ ግን ማኪና ያለው እሱ ነው።

በጁምዓ ማግስት ወረድን። የትክል ድንጋይን ከተማ አልፎ ቁልቁል ሲወረድ ሙቀቱ በመስኮት እየገባ ከጎን ይቀመጣል። ሐጂ አብዱልመናን መንገዱን ሙሉ የሚናገሩትን ይለማመዱ ነበር። ሐቢብ በር ላይ ቆሞ ተቀበለን። ረጅም፣ ደልደል ያለ፣ ጢሙ የሸበተ ሰው ነው። ትከሻ ሰጥቶ ሳመን፤ ጎንደርን በየሰፈሩ ጠየቀን፤ የእኔን ሀገር ሲሰማ "ገብሱ ደረሰ?" አለኝ፤ የቢሻውን ጎማ ሳይቀር አንኳኩቶ "ደህና ነው?" አለ። እጅ አስታጠበን፤ ለእኔና ለቢሻው የጾም ምግብ ለብቻው አሠርቶ አቀረበ። ለስላሳ መጠጥም መጣ፤ ግን ትኩስ ነበር። ሻይ ሊሆን ትንሽ የቀረው ለስላሳ። ይህን ልብ አልሁ።

ተበልቶ ሲያበቃ ሐጂ ከፊት፣ እኛ ከኋላ ቆምን። ሐጂ ከአኒስ ቅድመ አያት ጀመሩ። የቤተሰቡን ንግድ፣ የእናቱን ጨዋነት፣ የልጁን ሙያ፣ ሁሉንም አንድ በአንድ አወረዱ። ንግግራቸው ያማረ ነበር፤ ቢሻው እንኳ እንቅልፉን ገታ። በመጨረሻም፣ "ልጅዎን ፈትሂያን ለልጃችን ለአኒስ ይስጡን ብለን ደጅዎ ቆመናል" አሉ።

ሐቢብ አንገቱን ደፍቶ ሲሰማ ቆየ።

"ጨረሱ ሐጂ?"

"ጨረስሁ።"

"ይህ ጥያቄ ካሁን በፊት ተጠይቋል። ፈልጋችሁ አንብቡ።"

ሐጂ ወደ እኔ ዞሩ። "ሌላ ሽማግሌ ቀድሞናል ማለት ነው?" አሉኝ በሹክሹክታ። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ "ሐቢብ፣ ሌላ ጠያቂ መጥቶ እንደሆነ..."

"ደግሞም ጥያቄው ግልጽ አይደለም" አለ ሐቢብ፤ ድምፁ እንደ ሬዲዮ ዜና ነው። "ሞዴሉን አልገለጻችሁም። የተሠራበትን ዓመት አልገለጻችሁም። እኛ ጠንቋይ ነን እንዴ?"

"ሃያ ዘጠኝ ዓመቱ ነው" አለ ቢሻው በቅንነት።

"መጀመሪያ የመድረኩን ሕግ አንብቡ።"

"የምን መድረክ?" አሉ ሐጂ።

የጠጣሁት ለስላሳ በአፍንጫዬ ሊወጣ ደረሰ። አብሬው የቆምሁት የሽምግልና ክብር ባይኖር መሬት ላይ እቀመጥ ነበር። "ሐጂ፣ ይቀመጡ" አልሁ። "ሁላችንም እንቀመጥ። ነገሩ ገብቶኛል።"

ሐቢብ ስልኩን አውጥቶ ሰጠኝ። ለካስ ሰሊጡን ከተወ ወዲህ ፍሪጅ ጠጋኝ ሆኗል። ሳንጃ በዚያ ሙቀት ፍሪጅ ጠጋኝ ቢያጣ አይደንቅም፤ ሰውየው ተምሮ ሱቅ ከፈተ። መድረኩም ውስጥ አለ። በስሙ ግን አይደለም፤ "ሳንጃ ብርድ" የሚል ስም ለጥፎ የጽጌረዳ ፎቶ አድርጓል። አኒስ የጽጌረዳውን ጢም ከየት ይወቅ!

ጽሑፉን ጮክ ብዬ አነበብሁ። "አሰላሙ አለይኩም፣ ጤና ይስጥልኝ የተከበራችሁ ባለሙያዎች። እንዴት ሰነበታችሁ? ቤተሰብ፣ ልጆች፣ ሥራ ሁሉ ሰላም ነው? እኛ ደህና ነን፤ ሙቀቱ በርትቶብናል እንጂ ሌላ ነገር የለም። ወደ ጉዳዬ ስገባ፣ አንድ ፍሪጅ መጥቶልኝ ከላይ በረዶ ይሠራል፣ ከታች ይሞቃል። ጋዝ ሞላሁት፣ ቴርሞስታት ቀየርሁለት፣ እምቢ አለኝ። የምታውቁ ብትረዱኝ እግዜር ይስጥልኝ፣ አላህ ይስጥልኝ።" ለሁለቱም ወገን እንዲሆን ሁለቱንም ጽፏል።

ከሥሩ አኒስ፦ "ይህ ጥያቄ ነው ወይስ የሰርግ ጥሪ? ሰላምታህን አሳጥርና ሙያህን አስረዝም። በዚህ ዕውቀትህ ፍሪጅ ከምትነካ ሄደህ ሰሊጥ እጨድ።" ስድሳ ሦስት ሰው ወዶታል።

የሐጂ ሐሳብ ገና ንግግራቸው ላይ ነበር፤ ያን ሁሉ ቅድመ አያት በከንቱ ማውረዳቸው ገብቷቸዋል።

"ፈትሂያ የልጁን ፎቶ ስትልክልኝ ወዲያው አወቅሁት" አለ ሐቢብ። "ጥርሱን አልረሳውም። ስሙኝ፣ ስድቡ አላስቀየመኝም። በሰሊጥ ገበያ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ ከዚህ የባሰ በጠዋት ሰምቼ ቁርሴን እበላለሁ። ያስቀየመኝ መልሱን አለመንገሩ ነው። ሰድቦ ቢነግረኝ እንኳ አንድ ነገር ነበር። ሰደበኝ፣ ሰው ሳቀ፣ ፍሪጁ ግን እዚያው ቆሟል።"

በክብር ሸኘን። ማር ሰጠን። ልጅ ግን አልሰጠንም።

ጎንደር ስንገባ ዙህራ፣ "መጀመሪያ እምቢ ማለት ወጉ ነው" ብላ ልትጽናና ሞከረች። የሆነውን ስነግራት ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። አኒስ ግን ጠበቃ ሆኖ ተነሣ።

"አልሰደብሁም! ሙያዊ አስተያየት ነው የሰጠሁት።"

"ሰሊጥ እጨድ ማለት የትኛው ሙያ ነው?" አልሁት።

"እሳቸው መሆናቸውን ባውቅ እላለሁ? አያ ዋኘው፣ ያውቁኛል እኮ፤ ትልቅ ሰው አክባሪ ነኝ።"

"እኔም የምልህ ይኸንኑ ነው። የምታከብረው ማን እንደሆነ ስታውቅ ነው።"

በማግስቱ ፈትሂያ ጆንያ ልትገዛ መጣች። የመድኃኒት ቤት ልጅ ጆንያ ምን ያደርግላታል? አንዱን አነሣች፣ አየችው፣ አስቀመጠችው።

"ጋሼ ዋኘው፣ አባቴ ቁርጡን ነግሮኛል። ከአባቴ ተጣልቼ አላገባም። እሱ ካልፈቀደ ነገሩ አበቃ።"

"አንቺስ? ተቀይመሻል?"

"መቀየም ሳይሆን ፈራሁ። አኒስ ሰላም የሚለው የሚያየውን ሰው ነው። እኔን ደግሞ ሁልጊዜ አያየኝም። ጀርባዬን ስሰጠው፣ ጓዳ ስገባ፣ ታምሜ ስተኛ ምን እንደሚለኝ በምን አውቃለሁ? መድኃኒት ቤት በቀን ስንት የማላውቀው ሰው ይመጣል። አንዱ ሐኪሙ የጻፈለትን ወረቀት ገልብጦ ይዞ 'ይህ ምን ይላል' ይለኛል። ወረቀቱን አቃንቼ እነግረዋለሁ እንጂ መጀመሪያ ፊደል ቁጠር እለዋለሁ?"

ጆንያዋን ሳትገዛ ሄደች። ንግግሯን ለአኒስ እንዳለ አደረስሁለት። ያን ቀን የሚገባ የሚወጣውን ደንበኛ ሰላም ሳይል ዋለ፤ ሰፈሩ ታመመ ብሎ አወራ።

ማታ ላይ ያረቀቀውን ይቅርታ አሳየኝ። "በመድረኩ ላይ ለተፈጠረው ክፍተት የተሰማኝን ጥልቅ ቅሬታ እየገለጽሁ..." ይላል።

"ይህ መብራት የሚጠፋበትን ሰፈር የሚነግር ማስታወቂያ ነው የሚመስለው" አልሁት። "አንተ ልጅ፣ በሀገራችን ያጠፋ ሰው ምን ያደርጋል? ድንጋይ ተሸክሞ ይሄዳል፣ ከበደለው ሰው እግር ሥር ይንበረከካል፣ ይቅር ሲባል ያወርዳል። አለቀ።"

ዓይኑ በራ። እኔ ሳንጃ ይሄዳል ብዬ ነው። እሱ ግን ተምሯል።

"ስድቡ የተሰደበው መድረኩ ላይ ነው" አለ። "ድንጋዩም መታየት ያለበት እዚያው ነው።"

ከቀሐ ወንዝ ዳር ጥቁር፣ ድብልብል ድንጋይ በባጃጅ አስመጣ። አቧራው በፎቶ ያስጠላል ብሎ በቅባት ጨርቅ ወለወለው። ሱቁ ውስጥ፣ በፍሪጆቹ መካከል ተንበረከከና ትከሻው ላይ አወጣው። "አያ ዋኘው፣ ፎቶ ያንሡኝ!" አነሣሁት። አውራ ጣቴ ትንሽ ገብቶበታል፤ የቀረው ሸጋ ነው። ከፎቶው በላይ ምን ቢጽፍ ጥሩ ነው? ባለሙያ ቁጥብ ነውና አንዲት ቃል ብቻ ጻፈ፦ "ይቅርታ።"

ተቀምጠን ጠበቅን።

"ኮምፕሬሰሩ ስንት ነው?" አለ የመጀመሪያው።

"አዲስ ነው ወይስ ያገለገለ?" አለ ሁለተኛው።

"ሸክሙን አየሁት፤ ክብደቱ የድሮ ሥራ ነው። የዛሬዎቹ ቀላል ናቸው።"

"ይቅርታ ማለት ተሸጧል ማለት ነው?"

አንዱ ደግሞ፣ ከአኒስ የተማረ መሆን አለበት፣ "ፎቶው ደብዛዛ ነው፤ ጣት ገብቶበታል። ሞዴሉ አልተገለጸም። መጀመሪያ የመድረኩን ሕግ አንብብ" አለው። የመድረኩ ኃላፊዎችም እዚህ መነገድ ክልክል ነው ብለው ፎቶውን ሰረዙት። አኒስ ድንጋዩን ገና አላወረደም ነበር።

ሐቢብ ግን ፎቶው ከመሰረዙ በፊት አይቶታል። ለሐጂ አብዱልመናን ደወለላቸው፤ ሐጂ ስልክ ላይ ይጮኻሉና ሰፈሩ ሁሉ ሰማው።

"ድንጋዩን እንዲያወርድ ንገሩት፤ አንገቱን ያመዋል" ብሏል። "እኔ ይቅርታ ይጠይቀኝ አላልሁም። የጠየቅሁት ስለ ፍሪጅ ነው። መልሱን ያውቅ እንደሆነ እንደ ባለሙያ ይምጣና ይንገረኝ። እናንተም ከፈለጋችሁ አብራችሁ ኑ፤ ሰው ጠልቼ አላውቅም።"

ሐጂ ተበሳጩ። "ሙሽራ ከሽማግሌ ጋር በአንድ ማኪና! ይህ የት ሀገር የታየ ነው?" በመጨረሻ አኒስን ከመሣሪያ ሣጥኑ ጋር የኋላ ወንበር ላይ አስቀምጠው እስከ ሳንጃ ድረስ አላውቀውም ብለው ሄዱ። ቢሻው ውኃ ሲያቀብለው እንኳ "ለማን ነው የምትሰጠው?" ይላሉ።

ሐቢብ ሱቁ ውስጥ ተቀበለን። ሰላምታው እንደ ድሮው ነው፤ ለአኒስም ትከሻውን ሰጠው፣ የእናቱን ጤና ጠየቀው። ልጁ ከስድብ በላይ ይህ ከበደው፤ "ደህና... ደህና ናት ጋሼ" አለ። ፍሪጁ ጥግ ቆሟል። ባለቤቲቱ የትነበርሽ ምግብ ቤት ያላት ሴት ናት፤ እሷም በሩን ተደግፋ ቆማለች።

"ከጎንደር ሐኪም አስመጣህልኝ ሐቢብ?" አለች። "እኔማ ቁም ሣጥን ላደርገው አስቤ ነበር። ልብስ ቢቀመጥበት ቢያንስ አይበላሽም።"

አኒስ እጅጌውን ሰበሰበ። ፈታ፣ ገጠመ፣ ለካ፣ አዳመጠ። ጋዙን አየ፤ ደህና ነው። ቅዝቃዜውን የሚቆጣጠረውን ቴርሞስታት አየ፤ አዲስ ነው። ቀዝቃዛውን አየር የሚነዳውን ፋን በጣቱ መታ አደረገው፤ ይዞራል። ላቡ ከአገጩ ይንጠባጠባል። ሐጂ ወንበር ላይ ሆነው ንግግራቸውን በልባቸው ይደግማሉ። ሐቢብ አጠገቡ ተንበርክኮ መፍቻ ያቀብለዋል። እኔ በበኩሌ የስድቡን መልስ ቁጭ ብሎ ከማየት የበለጠ ደስታ አላየሁም፤ ጨካኝ ሆኜ አይደለም፣ ጎረቤት ሆኜ ነው።

"እህስ?" አለ ሐቢብ።

"ብዙ ነገር ሊሆን ይችላል።"

"ብዙውን ተወው። አንዱን ንገረኝ።"

አኒስ ፍሪጁን አየ፣ እኛን አየ፣ መሬቱን አየ።

"አላውቀውም ጋሼ" አለ።

ይህን ቃል ከአፉ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ሐቢብ ፊቱ ላይ ግን ምንም ፌዝ አልታየም። "እኔም አላውቀውም" አለ። "እንግዲያው ለሚያውቁት ጠይቅልን።"

"መድረኩ ላይ?"

"ሌላ የት አለን?"

ልጁ አሁን ነው ሞቱ የመጣው። ስልኩን አወጣ፣ መለሰ፣ እንደገና አወጣ። የጻፈው እንዲህ ነበር፦ "ሰላም ወንድሞችና እኅቶች። እንዴት ናችሁ? ሳንጃ ነኝ። ከላይ በረዶ የሚሠራ፣ ከታች የሚሞቅ ፍሪጅ ገጥሞኝ ምን እንደሆነ አላውቅም። እባካችሁ እርዱኝ።" ሞዴሉንም አልረሳም።

መልሱ እንደ በረዶ ዝናብ ወረደ። "ይህ ጥያቄ ካሁን በፊት ተጠይቋል፤ ፈልግ!" "አኒስ ነህ በእውነት? ስልክህን ሰው ሰረቀህ?" "ኮምፕሬሰሩን ከትከሻህ አውርደህ ግጠምለት።" "መጀመሪያ የመድረኩን ሕግ አንብብ" ያሉትን ቆጥሬ መጨረስ አልቻልሁም። አኒስ አንድ በአንድ ያነባል፤ ጆሮው እንደ በርበሬ ቀልቷል። ሐቢብ በትከሻው በኩል እያየ መጀመሪያ ፈገግ አለ፤ ከዚያ እየቆየ ፈገግታው ጠፋ።

በዚያ ሁሉ ጩኸት መካከል አንድ ሰው ረጋ ብሎ ጻፈ። "ሰላም አኒስ። ሰውአገኝ እባላለሁ። ዓምና 'ፍሪጁ ራሱ ይፈራል' ያልኸኝ እኔ ነኝ። ይህ ነገር እኔንም ሁለት ጊዜ አታሎኛል። ፋኑን ስትፈትሸው ይዞራል፤ አትመነው። አጥፍተህ ስትከፍተው በሀገሩ ሙቀት በረዶው ወዲያው ይቀልጣል። ሳታጠፋው እየው፤ በረዶ ይዞት አየሩ ወደ ታች አይወርድም። በረዶውን የሚያቀልጠው ማሞቂያ ተቃጥሎ ይሆናል። አይዞህ።"

አኒስና ሐቢብ ተያዩ። ገጥመው አስነሡትና ሲሠራ አቆይተው ሳያጠፉ ከፈቱት። ፋኑ በረዶ ውስጥ እንደተቀበረ ተገኘ። ማሞቂያውን ለኩት፤ ሞቷል። አኒስ ከሣጥኑ ሌላ አውጥቶ ገጠመ፤ ሐቢብ ገመዱን ያዘለት። ምሳ በልተን ስንመለስ የታችኛው መደርደሪያ እጅ ያቀዘቅዛል። የትነበርሽ ጉንጯን ፍሪጁ ውስጥ አስገብታ አልወጣም አለች።

አኒስ ተቀምጦ ጻፈ፦ "ወንድሜ ሰውአገኝ፣ እንዳልኸው ሆኖ አገኘነው። ዓምና ላልሁህ ይቅር በለኝ። እጅህ ይባረክ።" በዚህ ጊዜ ቁጥብ አልነበረም፤ ሌላም ሌላም ጨመረበት፤ የሰውአገኝን ልጆች ሳይቀር ጠየቀ።

ይህን የማያልፍ ሰው ግን መድረኩ ላይ አይጠፋም። አንዱ ወዲያው፣ "ማሞቂያ መቃጠሉን የማያውቅ ባለሙያ! ለመሆኑ ለእንዲህ ያለው ሰው ማን ልጁን ይድርለታል?" ብሎ ጻፈ። ሰውየው ስለ ልጅ የሚያውቀው ነገር የለም፤ ለሳቅ ያህል ነው። አኒስ ግን ስልኩን እንደ ፍም ለቀቀው። ፊቱን ወደ ፍሪጁ አዞረ፤ ትከሻው ወረደ።

ሐቢብ ስልኩን አንሥቶ አነበበ። ደግሞ አነበበ። መነጽሩን ከኪሱ አወጣ።

"ይተዉት ጋሼ" አለ አኒስ፣ ሳይዞር። "ለእንዲህ ያለ መልስ አይሰጥም።"

"ለምን አይሰጥም? ሰው ጠይቋል" አለ ሐቢብ፤ ድምፁ የሰሊጥ ገበያውን መምሰል ጀምሯል። "የጠየቀ ሰው መልስ ይገባዋል።"

የራሱን ስልክ አውጥቶ በአንድ ጣት፣ ፊደል በፊደል ይመታ ጀመር። ሐጂ አንድ ሁለት ጊዜ ተነሥተው "እንግዲህ ሐቢብ፣ የመጣንበትን ጉዳይ..." ቢሉ እጁን አንሥቶ አስቆማቸው። ሲጨርስ ለእኔ አቀበለኝ። "አያ ዋኘው፣ ስሕተት ካለው ይዩልኝ።"

ጮክ ብዬ አነበብሁ፦

"ጤና ይስጥልኝ ወንድሜ። እንደምን ዋልህ? ቤተሰብህ ደህና ነው? ያለህበት ሀገር ሰላም ነው? እኛ ደህና ነን፤ ዛሬ ደግሞ ፍሪጅ ስለተሠራልን ቀዝቃዛ ጠጥተናል። ወደ ጥያቄህ ስመለስ፣ ለእንዲህ ያለው ሰው ማን ልጁን ይድርለታል ላልኸው፣ እኔ እድርለታለሁ። አጥፍቶ ነበር፤ እዚህ ድረስ መጥቶ፣ አላውቅም ብሎ፣ ጠይቆ ሠራው። የልጄን ስም ለማላውቀው ሰው ስለማልጽፍ ይቅርታህን። ሌላ ያልገባህ ነገር ካለ ጠይቀኝ። ሐቢብ ነኝ፣ ከሳንጃ።"

የአኒስ መፍቻ መሬት ላይ ወደቀ። የትነበርሽ ከፍሪጁ ውስጥ ሆና እልል አለች፤ ድምፁ ከብረቱ ጋር አስተጋባ። ቢሻው ማን ምን እንዳደረገ ሳይገባው አጨበጨበ። አኒስ ወደ ሐቢብ ጉልበት ሊወድቅ ሲል ሐቢብ በብብቱ ይዞ አቆመው። "ቁም፣ ቁም፣ ቅባት ነህ" አለው።

ሐጂ አብዱልመናን ግን ኮታቸውን ቆልፈው፣ መሐል ሱቁ ላይ፣ እጃቸውን አጣምረው ቆመዋል። ንግግራቸውን ከቅድመ አያት ሊጀምሩ ነው። ወደ እኔ ዘንበል አሉ።

"ዋኘው፣ ምንድን ነው ይህ ሁሉ? ገና አልጠየቅንም እኮ። ሰጠ ወይስ አልሰጠም?"

ስልኩን አየሁ።

"ሰጥቷል ሐጂ" አልኋቸው። "እስካሁን ሰባት ሰው ወዶታል።"